የዕድሜ እርከንና የቤተሰብ ሕይወት በሜጫ ኦሮሞ

በአምቦ፣ በጉደር፣ በጌዶና በሌሎች የምዕራብ ሸዋ ከተሞች ዙሪያ የሰፈሩት የሜጫ ኦሮሞዎች የሰውን ዕድሜ በእርከን የሚከፍልና ለእያንዳንዱ እርከን መብትና ግዴታ የሚደነግግ ገዳ የተባለ ሥርዓት ነበራቸው። ገዳ በይበልጥ የሚታወቀው በየስምንት ዓመቱ በሚካሄደው የሥልጣን ርክክብ ነው። ይሁንና ልጅ መቼ ለሥራ እንደሚደርስ፣ ጎልማሳ መቼ እንደሚያገባና መቼ አባት እንደሚሆን የሚወስነውም ይኸው ሥርዓት ነበር።

ስለ ገዳ የተጻፈው ቀደምት ምንጭ ካህኑ አባ ባሕርይ በ1585 ዓ.ም ገደማ በግእዝ ያዘጋጁት ድርሰት ነው። ባሕርይ ሜልባ፣ ሙደና፣ ኪሎሌ፣ ቢፎሌ እያሉ በየስምንት ዓመቱ ሥልጣን የተረከቡትን፣ ሉባ የተባሉትን ትውልዶች በቅደም ተከተል ዘርዝረዋል። ሜጫና ሌላው የኦሮሞ ጎሳ ቱለማ እየራቁ ሲሄዱ የሜጫ ጉባኤ ከአምቦ በስተ ምዕራብ በሚገኘው ኦዳ ቢሲል በተባለው ዋርካ ሥር ጸና። በአፍ ታሪክ መኮ ቢሊ የሜጫን ሕግ የደነገገው በዚሁ ዋርካ ሥር ነው።

የእርከኖቹ ስም ከአካባቢ አካባቢ ይለያያል። በጥቅሉ ሕፃናቱ ደበሌ ይባላሉ። ቀጥለው የሚመጡት ፎሌዎች ከብት ይጠብቃሉ፣ ቀላል ሥራ ይለምዳሉ፤ ቆንዳላዎች ደግሞ ለአደንና ለጦርነት ይሠለጥናሉ። ከዚያ በላይ ያሉት እርከኖች ወደ ጋብቻ፣ ወደ አባትነትና ወደ አስተዳደር ያደርሳሉ። ሥልጣኑን ያስረከበው ትውልድ አማካሪና ሕግ አዋቂ ይሆናል።

የሥርዓቱ ቁልፍ በአባትና በልጅ መካከል ያለው ርቀት ነው። ልጅ ሁልጊዜ ከአባቱ አምስት እርከን፣ ማለትም 40 ዓመት፣ ወደ ኋላ ይቆማል። ስለዚህ የሰውን ቦታ የሚወስነው የተወለደበት ዓመት ሳይሆን የአባቱ እርከን ነው። ታላቅና ታናሽ ወንድም በዕድሜ ቢራራቁም በአንድ እርከን ይገኛሉ፤ ሽማግሌ አባት የወለደው ልጅ ደግሞ ገና በሕፃንነቱ ከፍ ያለ እርከን ላይ ይወጣል። አስመሮም ለገሠ እ.ኤ.አ. በ1973 ባሳተሙት የገዳ ጥናት በቦረና ኦሮሞ ዘንድ ይህ ደንብ ዕድሜንና እርከንን በጊዜ ብዛት እንዴት እንዳራራቀ በሕዝብ ቁጥር ስሌት አሳይተዋል።

በምዕራቡ ዓለም የሥነ ልቦና ትምህርት የታወቁት የእርከን ንድፈ ሐሳቦች የመጡት በ20ኛው መቶ ዘመን ነው። ኤሪክ ኤሪክሰን እ.ኤ.አ. በ1950 የሰውን ዕድገት በስምንት ደረጃ ከፈለ፤ ደረጃዎቹ ግለሰቡ በየዕድሜው የሚጋፈጣቸው የውስጥ ትግሎች ናቸው። ኢቭሊን ዱቫል እ.ኤ.አ. በ1957 የቤተሰብን ሕይወት እንዲሁ በስምንት ስትከፍል የልጅ ማሳደጊያ ደረጃዎቹን የለካችው በመጀመሪያው ልጅ ዕድሜ ነው። ሁለቱም የሚነሡት ከግለሰብ ወይም ከአንድ ቤት ነው። የገዳ መነሻ ግን ትውልድ ነው፤ እርከኑን የሚሻገረው አንድ ሰው ብቻ ሳይሆን የእኩዮቹ ጓድ በሙሉ ነው።

ወንዶቹን ከሚያደራጀው ገዳ ጎን የቤቱን ሕይወት የሚመሩ ልማዶች ነበሩ። ሙሽራ ስታገባ ከእናቷ ሲንቄ የተባለውን በትር ትቀበላለች፤ በትሩ ያገባች ሴት መብት ምልክት ነው፣ በደል ሲደርስ ሴቶች ሲንቄ ይዘው በአንድነት ይወጣሉ። በወለደች በአምስተኛው ቀን ሸነን ይደረጋል፦ የጎረቤት ሴቶች ተሰብስበው አራሷን ያጥባሉ፣ ቅቤ የፈሰሰበትን ገንፎ አብረው ይበላሉ፣ እልል ይላሉ። ልጅ ያልወለዱ ባልና ሚስት በጉዲፈቻ ወላጅ ይሆናሉ፤ የጉዲፈቻ ልጅም እንደ አብራክ ክፋይ ይቆጠራል፣ ይወርሳል።

በ19ኛው መቶ ዘመን በሜጫ ምድር ኃያላን ባላባቶች ሲነሡ የገዳ ጉባኤ ሥልጣን ቀነሰ። ከ1874ቱ የእምባቦ ጦርነት በኋላ አካባቢው በዳግማዊ ምኒልክ መንግሥት ሥር ሲጠቃለል ፍርድና ግብር ወደ መንግሥት ሹሞች ዞረ። ቤተ ክርስቲያንና ትምህርት ቤት ሌላ የዕድሜ አቆጣጠር አመጡ፦ ክርስትና፣ ክፍል፣ ፈተና፣ ምረቃ። አምቦ ላይ በ1939 ዓ.ም የተከፈተው የእርሻ ትምህርት ቤት ወጣቱ ከቤተሰቡ ማሳ ወጥቶ በደመወዝ ወደሚተዳደርበት ሕይወት የሚሻገርበት አንዱ በር ሆነ።

ለጋብቻ የደረሰ ማን እንደሆነ የሚወስነውም የመንግሥት ሕግ ሆነ። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ለወንድ 18፣ ለሴት 15 ዓመት አለ። የ1992ቱ የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግና የኦሮሚያ ክልል በ1995 ዓ.ም ያወጣው የቤተሰብ ሕግ ለሁለቱም 18 አደረጉት። ለጋብቻ በሚፈጸም ጠለፋም ላይ በ1996ቱ የወንጀል ሕግ አጥፊው የጠለፋትን ቢያገባም የማይቀር ቅጣት ተደነገገ።

ከ1983 ዓ.ም ወዲህ የገዳ ጉባኤዎች እንደገና ተቋቁመዋል፤ ኦዳ ቢሲልም ከነዚህ አንዱ ነው። ዩኔስኮ ገዳን በኅዳር 2009 ዓ.ም በማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ አስፍሯል። ዛሬ ትምህርት የሚጀመርበትንና ጋብቻ የሚፈቀድበትን ዕድሜ የሚወስነው መንግሥት ሲሆን፣ ገዳ በበዓል፣ በእርቅና በባህል ትምህርት፣ ሸነንና ጉዲፈቻ ደግሞ በቤተሰብ ውስጥ ቀጥለዋል።