"ፊልትሮ" ከየት መጣ? ስለ ጉና አቧራ፣ ስለ ኤን ትሬና ስለ ወንድሜ ኢሱዙ

ዛሬ ረዘም ያለ ነገር ነው የምጽፈው፤ ቡናችሁን ይዛችሁ ተቀመጡ።

የታሪክ አስተማሪ ሆኜ ስለ ሞተር ዘይት ስጽፍ የምትስቁ አትጠፉም። ነገሩ ወዲህ ነው። ታናሽ ወንድሜ ከሁለት ጓደኞቹ ጋር ሆኖ ያገለገለ ኢሱዙ ገዛ። ከፊሉ ብድር ነው፣ ከፊሉ እናታችን በሬ ሸጣ የሰጠችው ነው። ከገሳይ ድንች ጭኖ ወደ ባሕር ዳር ይወርዳል፣ ሲመለስ ሲሚንቶም ይሁን ጨው ያገኘውን ይዞ ይወጣል። በስምንተኛው ወር መኪናው በምሽት ግልጽ ሰማያዊ ጭስ እያጨሰ መጣ፤ ዘይት መብላት ጀምሮ ነበር። ሞተሩ ወረደ። መካኒኩ ፒስተኖቹን አውጥቶ ሲያሳየን የሲሊንደሩ ግድግዳ በአሸዋ ወረቀት የተፈተገ ይመስል ነበር። "አቧራ ነው የበላው" አለን በአጭሩ። የአየር ፊልትሮውን አውጥተን ውስጡ አምፖል አስገብተን ስናይ ወረቀቱ ላይ መርፌ የምታህል ቀዳዳ፣ አንድ ብቻ አይደለም፣ እዚህም እዚያም። ስምንት ወር ሙሉ በኮምፕረሰር እየነፉ ያንኑ ነበር የሚመልሱት።

ያን ዕለት ማታ አጎቴ ዘንድ ሄድኩ። አጎቴ በደርግ ጊዜ የኤን ትሬ ሾፌር ነበሩ። ነገሩን ስነግራቸው ወቀሳ አላሉም፤ "አንተ ልጅ፣ የእኛ መኪና ወረቀት አልነበረውም እኮ። አቧራውን በዘይት ነበር የምናጠምደው" አሉኝ። ከዚህች አንዲት ዓረፍተ ነገር ተነስቼ ነው ይሄን ሁሉ የማወራችሁ።

በእኛ አገር ከባድ ጭነት በመንኮራኩር የመጓጓዝ ታሪክ የጀመረው ያለ ሞተር ነው። ጋፋት ከደብረ ታቦር ብዙ አይርቅም። አፄ ቴዎድሮስ ሚስዮናውያኑን ሴባስቶፖልን ያስቀለጧቸው እዚያ ነው። ሰባት ቶን ገደማ የሚመዝን ነሐስ ነው። በ1860 ዓ.ም. መጀመሪያ ከደብረ ታቦር ተነስተው፣ በጋይንት በኩል መንገድ እየጠረጉ፣ የጅዳንና የበሽሎን ገደል እየቆረጡ፣ መቅደላ የደረሱት መጋቢት ላይ ነው። ስድስት ወር ያህል ማለት ነው። ዛሬ ሲኖትራክ የሚወጣበትን የጋይንት አቅጣጫ መጀመሪያ በጋሪ የፈተኑት እሳቸው ናቸው። ሞተሩ የሰው ትከሻ ነበር። ፊልትሮ አያስፈልገውም፣ ዘይት ግን ሳይሆን ሽሮ ይፈልግ ነበር (ለቀልድ ነው፣ ግን ደግሞ እውነትም ነው)።

ናፍታና ፊልትሮ የመጡት በጠላት እጅ ነው። የፋሽስት ፓርቲው ዋና ጸሐፊ አኪሌ ስታራቼ በ1928 ዓ.ም. መጋቢት ወር ከአሥመራ የተነሳ በመቶዎች የሚቆጠሩ ካሚዮኖች ያሉት ፈጣን ጦር እየመራ መጋቢት 23 ቀን ጎንደር ገባ። ጣና ዳር ወርዶ፣ በዚያው ሚያዝያ፣ አዲስ አበባ ከመያዙ ከጥቂት ቀናት በፊት፣ ደብረ ታቦርም በእጁ ገባች። እንግዲህ አስቡት። የበጌምድር ገበሬ በብዛት ካሚዮን ያየው እንደ ጦር መሣሪያ ሆኖ ሲመጣበት ነው። በ1933 ዓ.ም. ክረምት የደብረ ታቦር ምሽግ እጁን ሰጠ። ጣሊያን ሄደ። ቃላቱ ግን ቀሩ።

ክፍል ውስጥ ይሄን ሳስተምር ተማሪዎቼን አንድ ሥራ አሠራቸዋለሁ፤ "መናኸሪያ ሂዱና ከሾፌርና ከመካኒክ አፍ የምትሰሙትን የመኪና ዕቃ ስም ጻፉልኝ" እላለሁ። ይዘውት የሚመጡት ዝርዝር ግማሹ ጣሊያንኛ ነው። ፊልትሮ፣ ናፍታ፣ ፍሬን፣ ፍሪሲዮን፣ ማርሽ፣ ካምቢዮ፣ ባሌስትራ፣ ጎማ፣ ጎሚስታ፣ ካንዴላ፣ ማርሚታ። "ሾፌር" እና "ጋራዥ" ደግሞ ፈረንሳይኛ ናቸው። የራሳችን የሆነው "ረዳት" እና "ተሳቢ" ነው፤ የሚለፋውና የሚጎተተው። "ዘይት"ም የራሳችን ነው፤ ቅባ ኑግ የምናውቅ ሕዝብ ስለሆንን ለዚህ ቃል መበደር አላስፈለገንም። ግን እኮ ችግራችንም ከዚሁ ይጀምራል። ዘይት ሁሉ ዘይት ይመስለናል።

ወደ አጎቴ ልመለስ። ኤን ትሬ የሚባለው ፊያት 682 ነው። ፊያት ይሄን ዓይነት መሥራት የጀመረው በ1952 እ.ኤ.አ. ሲሆን፣ ስሙ ላይ ያለችውን 3 ቁጥር በጣሊያንኛ "ትሬ" እያልን ነው ኤን ትሬ ያልነው። አጎቴ የነዱት መኪና የአየር ማጣሪያው እንደ ድስት ያለ የብረት ዕቃ ነው። ከታች ዘይት ይቋጥራል። ሞተሩ አየር ሲስብ አየሩ ወደ ታች ወርዶ ዘይቱን ገጭ አድርጎ በድንገት ወደ ላይ ይታጠፋል፤ አቧራው ከአየሩ ይከብዳልና መታጠፍ አቅቶት ዘይቱ ውስጥ ይቀራል። ያመለጠው ከላይ ባለው በዘይት የራሰ የሽቦ ጥልፍልፍ ይያዛል። ወረቀት የለ፣ የሚገዛ ነገር የለ። ረዳቱ ጭቃ የሆነውን ዘይት ደፍቶ፣ ድስቱን በናፍታ አጥቦ፣ አዲስ ይሞላል። በቃ።

አጎቴ እንዳሉኝ አንዳንዱ ረዳት ብልጥ ነኝ ብሎ ከሞተር የወጣውን ጥቁር ዘይት ነበር የሚሞላው። ከመስመሩ በላይ ከሞላው ደግሞ ሞተሩ ዘይቱን ራሱ ይስበዋል። "ረዳት የሚመረጠው በጉልበቱ አልነበረም፤ ድስቱን በሚያጥብበት እጁ ነበር" ይላሉ።

አሁን ወደ መንገዱ። ከወረታ ወልድያ ያለውን መንገድ የእኛ አካባቢ ሰው "የቻይና መንገድ" ነው የሚለው። ኢትዮጵያና ቻይና ግንኙነት የጀመሩት በ1970 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ነው፤ በዓመቱ አፄ ኃይለ ሥላሴ ፔኪንግ ሄደው ማኦን አገኙ፣ የብድር ስምምነትም ተፈረመ። መንገዱ ሲሠራ ግን ንጉሡ የሉም። ከ1967 እስከ 1975 ዓ.ም. በደርግ ዘመን ተሠራ። 300 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ በደብረ ታቦር፣ በገሳይ፣ በጉና ትከሻ፣ በነፋስ መውጫ፣ በጨጨሆ አድርጎ የሚሄድ የጠጠር መንገድ። ለአገራችን ትልቅ ነገር ነው፤ ከጎንደር ወሎ በቀጥታ መሻገር የተቻለው በእሱ ነው። ነገር ግን ጠጠር ነው። ጠጠር ማለት በበጋ አቧራ ማለት ነው። ሁለት መኪና ተከታትሎ ሲሄድ የኋለኛው የፊተኛውን አቧራ ሲጠጣ ይውላል። አጎቴ በየካቲትና በመጋቢት ድስቱን በየምልልሱ፣ በክረምት ግን አልፎ አልፎ ብቻ ያጥቡት እንደነበር ነው የሚናገሩት። ማንዋል አንብበው አይደለም፤ ጭቃውን በጣታቸው እየለኩ ነው። "ነፋስ መውጫ" የሚለውን ስም ማን እንዳወጣው እንጃ እንጂ ለሾፌር ማስጠንቀቂያ ይመስላል።

ዋናው መንገድ አስፋልት ሆነ፤ አቧራው አለቀ ብለን ነው እንግዲህ የተዘናጋነው። ድንቹ ግን አስፋልት ላይ አይበቅልም። የወንድሜ ኢሱዙ ከአስፋልቱ ወጥቶ በቀበሌ መንገድ እስከ ማሳው ድረስ ነው የሚገባው። ስምንት ወር የበላው አቧራ የዚያ ነው።

የወረቀት ፊልትሮ በዓለም ላይ መኪና ውስጥ የተስፋፋው ከ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. ወዲህ ነው። ከዘይት ድስቱ የተሻለ ነው፤ ደቃቁን አቧራ ይይዛል፣ መኪናው ቢያዘነብልም ሥራውን አያቆምም። ግን ባሕርይው ሌላ ነው። ድስቱን ባጠብከው ቁጥር አዲስ ይሆናል፤ ወረቀቱ ግን በነፋኸው ቁጥር ያረጃል። እኛ ደግሞ ወረቀቱን እንደ ድስት ነው የያዝነው። በኮምፕረሰር ሙሉ ግፊት ከውጭ ወደ ውስጥ እንነፋዋለን፣ ከጎማ ጋር እናጋጨዋለን፣ ይባስ ብሎ በኦሞ የሚያጥብም አይቻለሁ። መነፋት ካለበት በዝቅተኛ ግፊት ከውስጥ ወደ ውጭ ነው፣ ያውም ጥቂት ጊዜ ብቻ። ከዚያ አምፖል አስገብቶ ማየት። ብርሃን በነጥብ ከወጣ መጣል ነው። ስትገዙም ዳርና ዳሩ ላይ ያለውን ጎማ በጣታችሁ ተጫኑት፤ ደረቅ ከሆነ ወይም ከቤቱ ጋር ካልገጠመ ወረቀቱ ወርቅ ቢሆን አቧራው በጎን ይገባል። ከፊልትሮው ወደ ሞተሩ የሚሄደውን የጎማ ቱቦም እዩ፤ እሱ ከተሰነጠቀ ፊልትሮ የለም ማለት ነው።

ሌላም የእኛ አገር ጉዳይ አለ። ደብረ ታቦር 2,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነች። እዚህ አየሩ ከባሕር ጠለል ሲነጻጸር ከሩብ በላይ ሳስቷል። ናፍታው ያው ነው፣ አየሩ ግን ጎደለ፤ ስለዚህ ጥቁር ጭስ። በዚያ ላይ ፊልትሮው ከታፈነ ሞተሩ ሁለት ጊዜ ታነቀ። ጉናን ሲወጣ ጥቁር ያጨሰ መኪና ሁሉ ኖዝሉ ተበላሽቷል ማለት አይደለም። ወንድሜ ግን ለዚህ ጭስ ሲባል "የኖዝል ማጽጃ" እየገዛ ታንከር ውስጥ ሲጨምር ነበር የከረመው። ማጽጃው ሐሰት ነው አልልም፤ ኖዝል ጫፍ ላይ የተጋገረ ቆሻሻን ያላቅቃል። ያለቀ ኖዝልን ግን አያድስም፣ የጎደለ አየርም አይጨምርም። በሦስት ጠርሙስ ዋጋ አንድ የአየር ፊልትሮ ይገዛ ነበር።

ዘይቱ ደግሞ ራሱን የቻለ ታሪክ ነው። በ1930ዎቹ እ.ኤ.አ. ካተርፒላር የናፍታ ትራክተር መሸጥ ሲጀምር ፒስተን ላይ ያሉት ቀለበቶች በጥላሸት እየተጣበቁ አስቸገሩ። የዚያን ጊዜ ዘይት ንጹሕ የማዕድን ዘይት ነው፤ ያለሰልሳል እንጂ አያጥብም። መፍትሔው ዘይቱ ውስጥ የሚያጥብ ንጥረ ነገር መጨመር ሆነ። ጥላሸቱን ይዞ በውስጡ ያንሳፍፈዋል፣ ግድግዳ ላይ አይጋገርም። በናፍታው ውስጥ ያለው ድኝ ሲቃጠል የሚፈጥረውን አሲድም የሚያረክስ ነገር ተጨመረበት። ስለዚህ ዛሬ ጥሩ የናፍታ ዘይት ቶሎ ይጠቁራል። የጠቆረው ሥራውን ስለሠራ ነው! እኛ ግን ምን እንላለን? "ይሄ ዘይት ቶሎ ይጠቁራል፣ ፎርጂድ ነው።" ወንድሜ የገዛው ዘይት እኮ ሦስት ሺህ ኪሎ ሜትር ሄዶም ማር መስሎ ነበር። ሁላችንም አደነቅነው። ሞተሩ ሲወረድ ነው ያልታጠበው ጥላሸት የት እንደነበረ ያየነው። የሸጠውን ሱቅ ስም አልጠራም፤ የተከፈተ ጀሪካን ውስጥ ምን እንደነበረ ማረጋገጥ አንችልምና።

ጀሪካኑ ላይ ያለውን ጽሑፍ ማንበብ ከባድ አይደለም። 15 ደብሊው-40 ሲል የፊተኛው በብርድ፣ የኋለኛው ሞተሩ ሲሞቅ ያለውን ውፍረት ይነግራል፤ ደብሊው የክረምት ምልክት ነው። ድሮ አጎቴ 40 ቁጥር ብቻ የሆነውን ነበር የሚሞሉት። በኅዳር ጠዋት ገሳይ ላይ ውርጭ ሲሆን እንደ ሙጫ ይወፍራል፤ ሞተሩ እስኪሞቅ ሩብ ሰዓት መቆም ነበረባቸው። ኤፒአይ ከሚለው ቀጥሎ ደግሞ ፊደል አለ። በሲ የሚጀምር ለናፍታ ነው፣ በኤስ የሚጀምር ለቤንዚን። ሲ ኤፍ-4 በ1990፣ ሲ ኤች-4 በ1998፣ ሲ አይ-4 በ2002 እ.ኤ.አ. የወጡ ናቸው፤ ሁለተኛው ፊደል ወደ ፊት በሄደ ቁጥር አዲስ ነው። ለወንድሜ ዓይነት ያገለገለ ኢሱዙ 15 ደብሊው-40 ሲ አይ-4 በቂ ነው ብለን ተስማማን። ከዚያ በላይ የሆነው ጭስ ማውጫቸው ላይ ማጣሪያ ላላቸው አዳዲስ መኪኖች ታስቦ የተሠራ ነው።

ዘይት ማወፈሪያ የሚባለውን ግን አልወደውም። ጭሱን ለሁለት ሳምንት ይደብቃል፤ መኪና ሊሸጥ ያሰበ ሰው የሚገዛው ነው። ሞተር ማጠቢያም ቢሆን ሁልጊዜ በጥሩ ዘይት ለኖረ ሞተር አያስፈልገውም፤ ለዓመታት ለተጋገረበት ደግሞ የላቀቀው ዝቃጭ የዘይት መሳቢያውን ወንፊት ይደፍነዋል። መካኒኩ ዘይቱንና የዘይት ፊልትሮውን በአጭር ርቀት ሁለት ጊዜ ቀይሩት አለን። ውድ ነው፣ ግን ከዚያ ሞተር የበለጠ አይወድም።

ሞተሩ ከተገጠመ ሁለት ወር ሆነው። የእናቴ በሬ አልተመለሰም፣ ብድሩም ገና ነው። ወንድሜ አሁን ደብተር ይዟል፤ ዘይት የተቀየረበት ቀንና ኪሎ ሜትር፣ ፊልትሮ የተነፋበትና የተጣለበት ይጻፋል። ባለፈው እሑድ አጎቴ መጥተው ደብተሩን አገላበጡና "የቀበሌውን መንገድ ለብቻው ጻፈው፤ አንዱ የአቧራ ኪሎ ሜትር ከአምስት የአስፋልት ይበልጣል" አሉት። ልኬቱን ከየት እንዳመጡት አልጠየቅኳቸውም።

በቻይና መንገድ በጠጠሩ ዘመን ኤን ትሬ ወይም ዚል የነዳችሁ፣ ረዳት የነበራችሁ፣ ወይም አባታችሁ የነዳ ካላችሁ ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ። በተለይ ያ የዘይት ድስት በመካኒኮች አፍ ምን ይባል እንደነበር የሚያስታውስ ካለ። አጎቴ "ድስቱ" ብቻ ነው የሚሉት።