ነቃ ወይስ ገና ነው?

እስቲ ወዲህ ጠጋ በሉ። የዛሬው ወሬዬ ስለ ኤሊ አሳዳጊዎች ነው። አገሩ እንግሊዝ ነው፤ ጊዜው መጋቢት ሊጋመስ ሲል፣ ፀሐይ ወጣች ሲሏት የምትጠፋበት፣ ሰው ካፖርቱን አውልቆ ወዲያው መልሶ የሚለብስበት ሰሞን። በዚህ ሰሞን ኤሊ ያላቸው ሁለት ጎረቤታሞች በአጥር ዳር ሲገናኙ ሰላምታቸው ከሌላው ሰው ይለያል፤ ኤሊዎቹ ብርዱን ተኝተው ከርመው የሚነቁት በዚህ ጊዜ ነውና።

«ነቃ?»

«ገና ነው። ትናንት ሳጥኑን ከፈት አድርጌ አየሁት፤ አንድ እግሩን ሰብሰብ አደረገ፤ መልሼ ዘጋሁት። ያንቺስ?»

«የኔማ ነቅቷል! ለብ ያለ ውሃ ውስጥ አስቀመጥኩት፤ ጠጣ፣ ጠጣ፣ ከዚያ እዚያው ሸናበት። አሁን የቸገረኝ ምግቡ ነው። ዳንዴሊዮን የሚባል ነገር ከደጄ ጠፋ።»

«እኔ ጋ ከግንቡ ሥር፣ ፀሐይ የሚያርፍበት ላይ ብቅ ብሏል። ቅርጫትሽን ይዘሽ ነይ።»

ዳንዴሊዮን ምን መሰላችሁ? ያ ቢጫ አበባው ደርቆ ነጭ ብናኝ የሚሆነው፣ ሕፃናት እፍ የሚሉት አረም ነው። ሌላው እንግሊዛዊ በሣሩ መሐል አንዲት ካየ መድኃኒት ሊረጭ ይሮጣል። ኤሊ ያለው ሰው ግን ዘሩን ሰብስቦ ይዘራዋል! ማገጡን ይዘራል፤ እኛ አገር ቁስል ላይ የሚደረገውን ጎርጠብ ከመንገድ ዳር ነቅሎ ጓሮው ይተክላል። እብደት አይደለም። እነሱ የሚያሳድጉት የሜዲትራኒያን ኤሊ የተፈጠረው ለደረቅና አሰር ለበዛበት ቅጠል ነው። ሰላጣ ብዙው ውሃ ነው፤ ፍራፍሬ ሲበዛ ሆዱን ያበላሸዋል፤ ካልሲየም ያነሰው እንደሆነ ደግሞ ቅርፊቱ ይጣመማል። ስለዚህ እነዚህ ሰዎች ሽርሽር ወጥተው ዓይናቸው ከተራራው ይልቅ ከእግራቸው ሥር ነው። ኪሳቸው ውስጥ የታጠፈ ፌስታል አይጠፋም። መንገድ ዳር ቆመው ይጨቃጨቃሉ፦ «እዚህ ጋ ውሻ ይሸናል፤ ተይው።» «የመኪናው ጭስ አለ፤ ወደ ውስጥ ገባ እንበል።»

ነገር ነገርን ያነሳዋልና ወደ ኋላ ልመልሳችሁ። በ18ኛው ክፍለ ዘመን ሃምፕሽር ውስጥ ሴልቦርን በምትባል መንደር ጊልበርት ኋይት የሚባሉ የአንግሊካን ቄስ ነበሩ። ስብከታቸውን ዛሬ ማን ያስታውሰዋል? ስማቸውን ያቆየው ስለ ወፉ፣ ስለ ትሉ፣ ስለ ዝናቡና ስለ ጓሮ አትክልቱ ቀን በቀን የጻፉት ማስታወሻ ነው። በ1789 ዓመተ ምሕረት፣ በፈረንጆቹ ማለቴ ነው፣ የወጣው የሴልቦርን የተፈጥሮ ታሪክ መጽሐፋቸው እስከ ዛሬ ይታተማል።

አክስታቸው ወይዘሮ ሬቤካ ስኑክ ሰሴክስ ውስጥ በሪንግመር መንደር ይኖሩ ነበር። በግንብ በታጠረች ትንሽ ግቢያቸው አንድ ኤሊ አለ፤ ስሙ ቲሞቲ። ቄሱ አክስታቸውን ሊጠይቁ በሄዱ ቁጥር ዓይናቸው እሱ ላይ ነው። ብርዱ ሲመጣ መሬት ሲቆፍር አጎንብሰው ያዩታል፦ በፊት እግሩ ይጭራል፣ በኋላ እግሩ አፈሩን ወደ ጀርባው ይገፋል፤ ግን እጅግ ከመዘግየቱ የተነሳ የሚያየው ሰው መንቀሳቀሱን ይጠራጠራል። ጋሪ ቢያልፍበት የማይበገር ቅርፊት ለብሶ ካፊያ ሲጥል ጥግ መፈለጉ ያስቃቸዋል። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ያበሉትን አሮጊት ሲያይ እየተንገዳገደ ይመጣል፤ ለእንግዳ ግን ዞር ብሎም አያይ።

አሮጊቷ በ1780 ሲያርፉ ኋይት ቲሞቲን ወረሱ። መጋቢት ላይ ከተኛበት ቆፍረው አወጡት፤ አፈር ከሞላበት ሳጥን ውስጥ አስገብተው በፈረስ ሰረገላ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ይዘውት ሄዱ። መንገዱ ሲያንገጫግጨው ነቃ። ሴልቦርን ሲደርሱ የአትክልት መደቡ ላይ ለቀቁት፤ ሁለት ጊዜ እስከ አትክልት ቦታው መጨረሻ ሄዶ ተመለሰ። ሲመሽና ሲበርድ የለሰለሰ አፈር ፈልጎ ገባና እንቅልፉን ቀጠለ። የተቋረጠበትን እንቅልፍ እንዲህ በክብር የሚጨርስ እንግዳ አይታችሁ ታውቃላችሁ?

ከዚያ ወዲያ ቄሱ ዕረፍት አልሰጡትም። በገንዳ ውሃ ውስጥ ከተቱት፤ ቀስ ብሎ ሰጠመና ግራ እንደተጋባ ከሥር ይራመድ ጀመር። በድምፅ ማጉያ ቱቦ ጮኹበት፤ ከጉዳይም አልቆጠራቸው። ሚዛን ላይ አወጡት፤ ሦስት ኪሎ ገደማ ሆነ። ዛሬም አሳዳጊዎች ሲገናኙ መጀመሪያ ከሚነሱት ነገሮች አንዱ ኪሎው ነው፤ የወጥ ቤት ሚዛናቸው ዱቄትም ኤሊም ይመዝናል።

በግንቦት 1784 ቲሞቲ ጠፋ። በትንሿ በር ሳይሾልክ አልቀረም ተባለ። ከሳምንት በላይ ተፈልጎ ባቄላ ማሳ ውስጥ ተገኘ። ቄሱም ለምን ኮብልሎ እንደነበር ራሱ ኤሊው የሚያስረዳበት የቀልድ ደብዳቤ በቲሞቲ ስም ለወዳጃቸው ልጅ ጻፉ። ኤሊ ያሳደገ ሰው ሁሉ እንዲህ ያለ የመጥፋት ታሪክ አለው፤ አንዱ ሲጀምር ሌላው ካፉ ይነጥቀዋል። «የኔ በአጥሩ ሥር ቆፍሮ ወጣ።» «የኔ ወጣ ገባ ባለው ድንጋይ ላይ ወጥቶ ተሻገረ፤ ሲወርድ በጀርባው ወደቀ፤ ደግነቱ ቶሎ ደረስኩ።» ቀርፋፋ ነው ብሎ ያስተማረን ተረት ስንቱን አዘናግቷል!

ኋይት በ1793 ሞቱ፤ ቲሞቲም በዓመቱ ተከተላቸው። ቅርፊቱ ዛሬ ለንደን በተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም ይገኛል። ጉዱ የወጣው ስለ ኤሊ የሚያውቁ ሰዎች ይህን ቅርፊት ሲመረምሩት ነው፦ ቲሞቲ ሴት ነበረች! ያን ሁሉ ዘመን «እሱ» ሲሏት ኖሩ።

ብቻዋን እንዳይመስላችሁ። በክሪሚያ ጦርነት ጊዜ፣ በ1854፣ ሴቫስቶፖልን በደበደበችው የእንግሊዝ የጦር መርከብ ላይ የነበረች ሌላ ቲሞቲ አለች። ኋላ ዴቨን ውስጥ በፓውደርሃም ቤተ መንግሥት ኖራ በ2004 ነው የሞተችው። እሷም ሴት መሆኗ የታወቀው በ1926 ነው። ብሉ ፒተር በሚባለው የቢቢሲ የልጆች ፕሮግራም ላይ በ1963 የመጣው ፍሬድ የተባለ ኤሊ ደግሞ ሴት ሆኖ ተገኘና ፍሬዳ ተባለ። ልዩነቱ ጅራት ላይ ነው፤ የወንዱ ረዘምና ወፈር ይላል፣ የሆዱም ቅርፊት ገባ ያለ ነው። ገልብጦ የሚያይ ሰው ጠፍቶ ነው እንጂ!

ይሄ የሚያስቅ ወሬ ነው፤ የማያስቀውም አለ። ኤሊው ሁሉ ከሞሮኮ፣ ከቱርክ፣ ከግሪክ በመርከብ ተጭኖ የሚመጣበት ዘመን ነበር፤ እንደ ሽንኩርት ተደራርቦ። ብዙው በመንገድ ወይም በመጀመሪያው ብርድ ያልቃል። የተረፈውንም እንዳይጠፋ ቅርፊቱን በስተው በገመድ ያስሩት ነበር፤ ቅርፊቱ ግን የሚያመው ሕያው አካል ነው። ያ ንግድ በ1984 ታገደ። ዛሬ የድሮ ኤሊ ያላቸው ሰዎች ያን ቀዳዳ ሲያዩ ድምፃቸው ዝቅ ይላል።

አሁን አያያዙ ተለውጧል። ጥቅምት ላይ ምግብ ይቆማል፣ ሆዱ እንዲጸዳ፤ ለብ ባለ ውሃ ይታጠባል፤ ከዚያ... ፍሪጅ ውስጥ ይገባል! አትሳቁ፤ ከዚህ የተሻለ ብልሃት አላየሁም። አምስት ዲግሪ ገደማ ላይ ይተኛል። ከዜሮ በታች ከወረደ ዓይኑ ሊጠፋ ይችላል፤ አሥር ካለፈ ይነቃና ያጠራቀመውን ይጨርሳል። የጓሮ መጋዘን ይህን አይጠብቅም፤ ፍሪጅ ይጠብቃል። አየር እንዲገባለት በየጊዜው በሩ ይከፈታል። ባልና ሚስት ሲነጋገሩ «ወተቱ በግራው ፍሪጅ ነው፤ ኤሊው በቀኙ» ይባባላሉ።

የኛ አገር ኤሊ ግን ለዚህ አይሆንም። በስምጥ ሸለቆ የሚገኘው ነብርማ ኤሊም ሆነ በቆላው ያለው፣ እግሩ ላይ እሾህ ያለው ትልቁ ኤሊ የብርድ እንቅልፍ አያውቁም፤ ፍሪጅ ይገድላቸዋል። እንግሊዝ ውስጥ የሚያሳድጓቸው ሰዎች ዓመቱን ሙሉ ማሞቂያና መብራት ያበራሉ፤ በጥር ወሬያቸው ሁሉ የመብራት ሂሳብ ነው። እሾሁ የተላጠ የበለስ ቅጠል ሲያገኙም ደስታቸው ወደር የለውም።

ሽርሽር የሚወዱት አሳዳጊዎች ደግሞ በጸደይ ማብቂያ ኦክስፎርድ ይሄዳሉ፤ በኮርፐስ ክሪስቲ ኮሌጅ የኤሊ ሩጫ አለ። ከጎረቤቱ ኦሪየል ኮሌጅ ጋር ፉክክሩ የተጀመረው በ1926 ነው። ኤሊዎቹ መሐል ላይ ይቀመጣሉ፣ ሰላጣ በዙሪያቸው በክብ ይደረደራል፤ ቀድሞ የደረሰ ያሸንፋል። አንዳንዱ ይዞራል፣ አንዳንዱ ቆሞ ፀሐይ ይሞቃል፣ ተማሪው ይጮኻል።

አሳዳጊዎቹ ግን ሩጫውን ጨርሰው አያዩትም። እንደ ምንጣፍ ወደተከረከመው ሣር ጎንበስ ብለው በጣታቸው ይገልጡታል።

«አየሽ? አንዲት ዳንዴሊዮን እንኳ የለውም።»

«ረጭተውታል።»

«ምስኪኖች! ይሄን የሚያህል ግቢ ይዘው አንድ የሚበላ ነገር የላቸውም።»