ስድብ በጨዋታ ሜዳ፤ የጃኪ ሮቢንሰን የዝምታ ዓመታት

በስፖርት ውድድር ታሪክ ውስጥ ስለ ጉልበት፥ ስለ ፍጥነትና ስለ ብልሃት ብዙ ተጽፏል። በሜዳ ላይ ስለሚወረወረው ቃል ግን የተጻፈው ጥቂት ነው። የተሰበረ እግር በሐኪም ይታያል፤ በመዝገብም ይሰፍራል። በስድብ የተጎዳ መንፈስ ግን ቁስሉ ከቆዳ በታች ስለሚቀር፥ ተጫዋቹ ራሱ ካልተናገረ ወይም አካሉ ከድቶት ካልወደቀ በቀር ልብ የሚለው የለም። ከአሜሪካ የቤዝቦል ጨዋታ ታሪክ ውስጥ ግን ይህ ጉዳት ከአንድ ሰው ሕይወት ጋር ተያይዞ ዓመት በዓመት ሊከተሉት በሚቻል መልክ ተመዝግቦ ይገኛል። ሰውየው ጃኪ ሮቢንሰን ነው። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታትና ቀናት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ቤዝቦል ለተሳዳቢ የተመቸ ጨዋታ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። በእግር ኳስ ሃያ ሁለት ሰው በአንድነት ይሯሯጣል፤ እግርም ጆሮም ሥራ አያጣም። በቤዝቦል ግን መቺው ዱላውን ይዞ ብቻውን ይቆማል። ወርዋሪው ኳሷን እስኪለቅ ድረስ ፋታው ረጅም ነው። የሁለቱም ቡድኖች ተጫዋቾች ተራቸውን የሚጠብቁባቸው መቀመጫዎች ደግሞ ከመቺው ብዙ አይርቁም። ከዚህም የተነሣ፥ ከመቀመጫው ሆኖ የተቃራኒውን ተጫዋች በትውልዱ፥ በመልኩና በቤተሰቡ እየዘለፉ ሐሳቡን መበተን ከጨዋታው ጋር አብሮ ያደገ ልማድ ነበር። በዚህ ስም ያተረፉ ተጫዋቾች ነበሩ፤ አንዳንድ አሠልጣኝም ነገሩን እንደ ሙያ ይቈጥረው ነበር። ከጣሊያን የተወለደው በጣሊያንነቱ፥ አይሁዳዊው በአይሁድነቱ ይሰደባል። ጥቁር ተጫዋች በጥቁርነቱ ሲሰደብ ያልተሰማው፥ ከ1880ዎቹ ጀምሮ በታላላቆቹ ሊጎች ውስጥ ጥቁር እንዳይጫወት በመደረጉ ብቻ ነው።

ይህን አጥር ለማፍረስ የተነሡት የብሩክሊን ዶጀርስ ቡድን ፕሬዚዳንት ብራንች ሪኪ ነበሩ። ሪኪ ሕግ የተማሩ፥ ሃይማኖታቸውን የሚያጠብቁ፥ በገንዘብም ረገድ እጃቸው በቀላሉ የማይፈታ ሰው ነበሩ። እርምጃቸው ከፍትሕ ስሜት ብቻ የመነጨ አልነበረም፤ ከጥቁሮች ሊግ ጥሩ ተጫዋች እንደሚገኝ፥ ጥቁር ተመልካችም የመግቢያ ዋጋውን ይዞ እንደሚመጣ አስልተዋል። ኦገስት 28 ቀን 1945 ሮቢንሰንን ብሩክሊን በሚገኘው ቢሮአቸው ተቀብለው ሦስት ሰዓት ያህል አነጋገሩት። ስለ ጨዋታ ችሎታው ግን ብዙም አልጠየቁትም። አንድ ጊዜ አልጋ የለም የሚል የሆቴል ጸሐፊ፥ አንድ ጊዜ የምግብ ቤት አስተናጋጅ፥ አንድ ጊዜም ተቃራኒ ተጫዋች እየሆኑ ፊት ለፊቱ ቆመው ሰደቡት። ሮቢንሰንም የሚፈልጉት አጸፋ መመለስ የሚፈራ ጥቁር እንደሆነ ጠየቃቸው። እርሳቸውም የሚፈልጉት አጸፋ ላለመመለስ የሚያስችል ወኔ ያለው ሰው መሆኑን ነገሩት። ሮቢንሰን ለመጀመሪያዎቹ ዓመታት የሚሰደበውን ሁሉ ሰምቶ ዝም ለማለት ቃል ገብቶ ወጣ።

ይህን ቃል የገባው ሰው በተፈጥሮው ዝምተኛ አልነበረም። ሮቢንሰን በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በአራት ዓይነት ስፖርት የተሰለፈ፥ ከዚያም በጦር ሠራዊት ውስጥ የምክትል መቶ አለቃነት ማዕረግ ያገኘ ሰው ነበር። በ1944 በቴክሳስ ጦር ሰፈር አውቶቡስ ውስጥ ወደ ኋላ ሂድ ሲባል እምቢ በማለቱ በጦር ፍርድ ቤት ቆሞ በነጻ ተለቋል። እንግዲህ ሪኪ ከሮቢንሰን የጠየቁት ያለውን ትዕግሥት እንዲያሳይ ሳይሆን የሌለውን እንዲፈጥር ነበር። የቢሮው ፈተናም ቢሆን የሚያስመሰግን ብልሃት ይሁን እንጂ፥ አንድ ድልድይ ከመከፈቱ በፊት ከባድ መኪናዎች ቆመውበት ከሚደረገው ፈተና አይለይም። አንድ ቀን የሚያርፍ ከባድ ጭነት የሚያሳየው ነገር ሌላ፥ ለዓመታት እየተመላለሰ የሚያርፍ ቀላል ጭነት በብረት ውስጥ የሚፈጥረው ስንጥቅ ሌላ መሆኑን የዚህ መጽሔት አንባቢ አይስተውም። ቢሮው ውስጥ የተፈተነው የመጀመሪያው ብቻ ነበር።

ሁለተኛው የታየው በቀጣዩ ዓመት ነው። ሮቢንሰን በፌብሩዋሪ 1946 ራሔል አይሱምን አገባ፤ በኤፕሪልም ለዶጀርስ ተጫዋቾችን ያዘጋጅ ለነበረው ለካናዳው ሞንትሪያል ሮያልስ መጫወት ጀመረ። ቡድኑ ባልቲሞር ሲወርድ ተመልካቹ በስድብ ይቀበለዋል። ሲራኪውስ ላይ ደግሞ ከተቃራኒው ቡድን ወገን ጥቁር ድመት ወደ ሜዳው ተወርውሮ ዘመድህ መጣ ተብሎ ተሳለቁበት። እርሱም ቃሉን ጠብቆ ዝም አለ፤ በዱላውም መለሰ። ነገር ግን የውድድሩ ዘመን እየገፋ ሲሄድ እንቅልፍ አጣ፤ ምግብ አልወርድ አለው። የመረመረው ሐኪም በአካሉ ላይ በሽታ እንደሌለ፥ ነገር ግን የመንፈስ መታወክ አፋፍ ላይ መድረሱን ገልጾ ከጨዋታም ከጋዜጣም ርቆ እንዲያርፍ አዘዘው። ዕረፍቱን ግን አልጨረሰውም። በመምታት አማካይ ሊጉን ይመራ ስለ ነበር፥ ደረጃውን ላለማጣት ሲል ተደበቀ እንዳይባል ፈርቶ ወደ ሜዳ ተመለሰ። በዚያ ዓመት አማካዩ 0.349 ሆኖ የሊጉ አንደኛ ወጣ። ዛሬ የመዝገብ መጽሐፍ የሚገልጥ ሰው የሚያገኘው ይህን ቁጥር ነው፤ የሐኪሙ ትእዛዝ በዚያ ገጽ ላይ የለም።

በዚያው ዓመት መጨረሻ ሞንትሪያል ለዋንጫ ከሉዊቪል ቡድን ጋር ተገናኘ። በሉዊቪል ከተማ በተደረጉት ሦስት ጨዋታዎች ተመልካቹ ሮቢንሰንን ዱላ ባነሣ ቍጥር በጩኸትና በስድብ አጣደፈው፤ ጨዋታውም ተበላሸ፤ ቡድኑ ሁለቱን ተሸነፈ። የሞንትሪያል ሕዝብ ይህን በጋዜጣ አንብቦ ኖሮ፥ ውድድሩ ወደ ከተማው ሲመለስ እያንዳንዱን የሉዊቪል ተጫዋች ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በጩኸት አዋከበው። ሞንትሪያል ሦስቱንም አሸንፎ ዋንጫውን ወሰደ። ስድብን በስድብ መመለስ ተገቢ ነው አይባልም፤ የሉዊቪል ተጫዋቾችም ለከተማቸው ተመልካች ጥፋት መክፈል አልነበረባቸውም። ቢሆንም ሮቢንሰን ይህን ቀን ዕድሜ ልኩን በምስጋና አስታውሶታል። ለእርሱ ዝም የማለት ግዴታ ያልነበረበት ሌላ ሰው ስለ እርሱ ሲናገር የሰማበት ቀን ነበር።

ኤፕሪል 15 ቀን 1947 ሮቢንሰን ለብሩክሊን ዶጀርስ ተሰልፎ ወደ ታላቁ ሊግ ገባ። ከዚያ በፊት ከገዛ ቡድኑ ጥቂት ተጫዋቾች ከእርሱ ጋር አንጫወትም የሚል ፊርማ ለማሰባሰብ ሞክረው ከሽፎባቸዋል። በሳምንቱ ኤፕሪል 22 ቀን የፊላዴልፊያ ፊሊስ ቡድን ለሦስት ጨዋታ ወደ ብሩክሊን መጣ። የፊሊስ ዋና አሠልጣኝ የአላባማው ቤን ቻፕማን ነበር። ቻፕማን በተጫዋችነቱ ዘመን በኒው ዮርክ አይሁዳውያን ተመልካቾችን በመስደብ የታወቀ ሰው ነው። በዚያ ቀን እርሱና የተወሰኑ ተጫዋቾቹ ከመቀመጫቸው ሆነው በሮቢንሰን ላይ ያወረዱት ስድብ እዚህ በቃሉ የሚጻፍ አይደለም። ወደ ጥጥ እርሻህ ተመለስ ከሚለው ጀምሮ፥ ከንፈሩንና የራስ ቅሉን እስከ ማንቋሸሽ፥ ከእርሱ ጋር ዕቃ የተጋራ በሽታ ይጋባበታል እስከ ማለት ደረሱ። ብርቱነቱ ብቻ አልነበረም አስከፊው፤ አለመቋረጡ ነበር። ዱላ ይዞ በቆመ ቍጥር ይጀመራል።

ሮቢንሰን በሕይወቱ መጨረሻ ባሳተመው ግለ ታሪኩ ውስጥ ስለዚህ ቀን ያለ መሸፋፈን ጽፏል። ከሁሉ ቀን ይልቅ ለመሰበር የቀረበው በዚያ ቀን እንደ ነበረ ይናገራል። ለአንድ አፍታ ያህል የሪኪን ዕቅድ ረግሞ፥ ዱላውን ጥሎ፥ ወደ ፊሊስ መቀመጫ ሄዶ ከተሳዳቢዎቹ አንዱን ይዞ ጥርሱን ሊያወልቅ፥ ከዚያም ቤዝቦልን ለዘላለም ትቶ ሊሄድ አስቦ ነበር። አላደረገውም። በስምንተኛው ዙር ኳሷን መትቶ አንደኛውን ቤዝ ያዘ፤ ሁለተኛውን በሩጫ ሰረቀ፤ የተቃራኒው ያዥ በስሕተት በወረወረው ኳስ ሦስተኛው ላይ ደረሰ፤ ጂን ኸርማንስኪ በመታው ኳስም ገብቶ የጨዋታውን ብቸኛ ነጥብ አስቈጠረ። ብሩክሊን 1 ለ 0 አሸነፈ። ብዙ ጸሐፊዎች ታሪኩን እዚህ ላይ በደስታ ይዘጉታል። ነገር ግን በወሩ መጨረሻ ሮቢንሰን ለተከታታይ ጨዋታዎች አንድ ኳስ እንኳ በወጉ መምታት ተስኖት ነበር።

በዚያው በሦስቱ ጨዋታ ሰሞን አንድ ነገር ሆነ። የዶጀርሱ ኤዲ ስታንኪ፥ ሲጀመር በሮቢንሰን መምጣት ያልተደሰተ ሰው፥ ወደ ፊሊስ መቀመጫ ዞሮ ፈሪዎች ናችሁ፥ መመለስ የሚችለውን ሰው ስደቡ እያለ ጮኸ። ስድቡን የሰሙ ተመልካቾች አቤቱታ ጻፉ፤ ታዋቂው ዋልተር ዊንቸል ቻፕማንን አወገዘው፤ የቤዝቦል ኮሚሽነር ሃፒ ቻንድለርም ማስጠንቀቂያ ሰጠ። ቻፕማን በበኩሉ የጨዋታው ልማድ ይህ መሆኑን፥ ጣሊያኑንም አይሁዱንም ሲሰድቡ እንደኖሩ፥ አዲስ ገቢም በዚህ መፈተን እንዳለበት በመናገር ራሱን ተከላከለ። ክርክሩ ላይ ላዩን ሲያዩት እኩልነት ያለው ይመስላል። ይሁን እንጂ ጣሊያኑ ተጫዋች ሲሰደብ ይሳደባል፤ ከከፋም ቡጢ ይሰነዝራል፤ ማታም ከቡድኑ ጋር በአንድ ሆቴል ያድራል። ሮቢንሰን ከሦስቱም አንዱ አልነበረውም። ዶጀርስ በሜይ ወር ወደ ፊላዴልፊያ ሲሄድ የተለመደው ሆቴል በእርሱ ምክንያት ቡድኑን አላስገባም አለ።

በዚሁ ጉዞ፥ ሜይ 9 ቀን፥ የቻፕማንን ስም ለማደስ ሁለቱ አብረው ፎቶግራፍ እንዲነሡ ተደረገ። ፎቶግራፉ ዛሬም አለ። ሁለቱ አንድ ዱላ በጋራ ይዘው ቆመዋል፤ እጅ ለእጅ አልተጨባበጡም። ሮቢንሰን ከዚያ ሰው አጠገብ መቆም ራሱን አስገድዶ ካደረጋቸው እጅግ ከባድ ነገሮች አንዱ እንደ ነበረ ኋላ ጽፏል። ሪኪ ደግሞ ቻፕማን በስድቡ ዶጀርሶችን ከማንም በላይ አስተባበራቸው ይሉ ነበር። የሪኪ አባባል እውነትነት አለው። ሆኖም የአስተዳዳሪ ሒሳብ ነው፤ ገቢው ለቡድኑ ሲጻፍ ወጪው በማን ስም እንደ ተመዘገበ አይናገርም።

የዝምታው ዘመን በ1949 አበቃ። ሪኪ እንደ ፈለገ እንዲሆን ፈቀዱለት። ሮቢንሰንም ዘንድሮ በእኔ ላይ የሚበረቱ ካሉ እኔም እበረታባቸዋለሁ የሚል ቃል ተናገረ፤ ለዚህም ኮሚሽነሩ ጠርተው ጠየቁት። ቻፕማን እንዲያ ሲሳደብ ለማስጠንቀቅ የሕዝብ ጩኸት አስፈልጎ ነበር፤ ሮቢንሰን ግን ገና ሳይሳደብ ተጠየቀ። በዚያ ዓመት አማካዩ 0.342 ደርሶ የሊጉ አንደኛ መቺ ሆነ፤ የሊጉ ምርጥ ተጫዋችም ተብሎ ተሸለመ። ከተጫወተባቸው ዓመታት ሁሉ የላቀው ውጤት የተገኘው መናገር በተፈቀደለት የመጀመሪያ ዓመት መሆኑ በአጋጣሚ ብቻ የሚታለፍ አይመስልም። እርግጥ ነው፥ ልምድም ጨምሮ ነበር። በሌላ በኩል ግን ትናንት በትዕግሥቱ ያመሰገኑት አንዳንድ ጋዜጠኞች ከዳኛ ጋር ሲከራከር ባዩት ጊዜ ግልፍተኛና ምስጋና ቢስ አሉት። ሲታገሥ የተወደደው ስለ ታገሠ እንጂ ሮቢንሰን ስለሆነ እንዳልነበረ የተገለጠለት ያን ጊዜ ነው።

ሮቢንሰን ከ1956 ውድድር በኋላ ጨዋታ አቆመ። ፀጉሩ ያለ ዕድሜው ሸብቶ ነበር። የስኳር በሽታ ያዘው፤ ልቡ ተጎዳ፤ ዓይኑም እየፈዘዘ ሄደ። ኦክቶበር 24 ቀን 1972 በ53 ዓመቱ ሞተ። ይህን ሁሉ በስድብ ላይ ማላከክ አይገባም፤ የስኳር በሽታ የራሱ መነሻ አለው፤ ሮቢንሰን ከሜዳ ውጭም ብዙ ሐዘን አይቷል፤ በ1971 የበኵር ልጁን በመኪና አደጋ አጥቷል። ይሁን እንጂ የ1946ቱ ሐኪም ያየው ነገር የስኳር በሽታም ሆነ ሌላ ሕመም ከመምጣቱ በፊት የታየ ነው።

ወይዘሮ ራሔል ሮቢንሰን ከባለቤታቸው የጨዋታ ዘመን በኋላ ወደ ትምህርት ተመልሰው በአእምሮ ሕክምና ነርስነት የማስትሬት ዲግሪ አገኙ። በኮኔቲከት የአእምሮ ጤና ማእከል የነርሶች ዲሬክተር ሆነው ሠሩ፤ በዬል ዩኒቨርሲቲም አስተማሩ። በ2016 የጸደይ ወራት የፊላዴልፊያ ከተማ ምክር ቤት በ1947 በከተማው ቡድንና በከተማው ውስጥ ስለ ተፈጸመው በደል ሮቢንሰንን በይፋ ይቅርታ ጠየቀ። ቻፕማን በ1993 ሞቶ ነበር። ሮቢንሰን ከሞተ 43 ዓመት አልፎታል። የይቅርታው ጽሑፍ እንዲሰጥ የተወሰነው ለወይዘሮ ራሔል ነበር፤ ያን ጊዜ ዕድሜያቸው 93 ዓመት ነበር።