የኳንተም መረጃ ሳይንስ፦ ከ1973ቱ ጉባኤ እስከ ዜጎች የመረጃ ደኅንነት

የኳንተም መረጃ ሳይንስ እንደ አቶም፣ ኤሌክትሮንና የብርሃን ቅንጣት ያሉ እጅግ ጥቃቅን ነገሮች የሚመሩባቸውን የተፈጥሮ ሕጎች መረጃን ለማስላት፣ ለማስተላለፍና ለመጠበቅ የሚጠቀም የጥናት ዘርፍ ነው። የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ጠቅላላ ጉባኤ እ.ኤ.አ. 2025 ዓለም አቀፍ የኳንተም ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዓመት ሆኖ እንዲከበር መወሰኑ ዘርፉ የደረሰበትን ደረጃ ያሳያል። ይህ ጽሑፍ ለዘርፉ መሠረት ከጣሉት ስብሰባዎች አንዱ የሆነውን ጉባኤ፣ ከዚያ ወዲህ የተገኙ ውጤቶችንና ውጤቶቹ ለአገልግሎት ፈላጊ ዜጎች ያላቸውን ትርጉም ያብራራል።

ጉባኤው የት፣ መቼና ለምን ተካሄደ?

የስሌት ፊዚክስ ጉባኤ የተካሄደው ከሚያዝያ 28 እስከ 30 ቀን 1973 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ከሜይ 6 እስከ 8 ቀን 1981) በአሜሪካ፣ በቦስተን አቅራቢያ በሚገኘው የማሳቹሴትስ ቴክኖሎጂ ተቋም የስብሰባ ማዕከል፣ በኤንዲኮት ሃውስ ነበር። ተሳታፊዎቹ ጥቂት አሥርት ሰዎች ብቻ ቢሆኑም የፊዚክስና የኮምፒውተር ሊቃውንትን በአንድነት ያገናኘ ነበር። ከመካከላቸው እ.ኤ.አ. በ1941 ዜድ 3 የተባለውን ኮምፒውተር የሠራው ጀርመናዊው ኮንራድ ዙሰ፣ የፊዚክስ ሊቃውንቱ ጆን ዊለርና ፍሪማን ዳይሰን፣ እንዲሁም በኳንተም ሕግ የሚሠራ የስሌት ማሽን በጽንሰ ሐሳብ ደረጃ ሊኖር እንደሚችል ቀደም ብሎ ያሳየው ፖል ቤኒኦፍ ይገኙበታል።

በጉባኤው ላይ የኖቤል ተሸላሚው ሪቻርድ ፋይንማን ያቀረበው ንግግር የዘርፉን አቅጣጫ ከወሰኑት አንዱ ሆኗል። ያነሣው ጥያቄ ተፈጥሮን በኮምፒውተር በትክክል ማስመሰል ይቻላል ወይ የሚል ነበር። የኳንተም ቅንጣቶችን ባሕርይ በተለመደው ኮምፒውተር ለማስላት ሲሞከር እያንዳንዱ ተጨማሪ ቅንጣት ሥራውን በእጥፍ ያሳድገዋል። ሁለት ዓይነት ሁኔታ ብቻ ያላቸውን 50 ቅንጣቶች ሙሉ በሙሉ ለመግለጽ እንኳ ከ1,000 ትሪሊዮን በላይ ቁጥሮች ያስፈልጋሉ። ስለዚህ ማሽኑ ራሱ በኳንተም ሕግ የሚሠራ መሆን አለበት የሚለው ሐሳብ የንግግሩ ፍሬ ነገር ነበር።

ከጉባኤው በኋላ የተገኙ ዋና ዋና ውጤቶች

እ.ኤ.አ. በ1984 በሕንድ ባንጋሎር በተካሄደ ጉባኤ ቻርልስ ቤኔትና ጂል ብራሳር የምስጢር ቁልፍን በብርሃን ቅንጣቶች አማካይነት የማስተላለፍ ዘዴ አቀረቡ። በዚህ ዘዴ ቁልፉን በመንገድ ላይ ለመጥለፍ የሚሞክር ወገን የቅንጣቶቹን ሁኔታ ስለሚያዛባ ድርጊቱ ሊታወቅበት ይችላል።

እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 1994 ደግሞ በአሜሪካ ሳንታ ፌ ከተማ በተካሄደ የኮምፒውተር ሳይንስ ጉባኤ የሒሳብ ሊቁ ፒተር ሾር ያቀረበው ጥናት ዘርፉን ከጽንሰ ሐሳብ ወደ ደኅንነት ጉዳይ አሸጋገረው። በኢንተርኔት የሚተላለፍ መረጃ ከሚጠበቅባቸው ዘዴዎች አንዱ በቁጥር ማባዛት ላይ የተመሠረተ ነው። 53ን በ61 ማባዛት ቀላል ነው፤ 3,233 የየትኞቹ ሁለት ቁጥሮች ብዜት እንደሆነ ማግኘት ግን ጊዜ ይወስዳል። በሥራ ላይ ያሉት ቁልፎች 617 አሃዝ የሚደርስ ርዝመት ስላላቸው እነሱን መፍታት ከተለመዱ ኮምፒውተሮች አቅም በላይ ነው። ሾር ያሳየው በቂ አቅም ያለው የኳንተም ኮምፒውተር ይህን ሥራ በአጭር ጊዜ ሊያከናውን እንደሚችል ነው።

እስካሁን እንዲህ ያለ ማሽን አልተሠራም። እ.ኤ.አ. በ2001 በ7 ኪዩቢት፣ ማለትም በሰባት የኳንተም መረጃ መለኪያዎች፣ 15 ቁጥር የ3 እና የ5 ብዜት መሆኑ በሙከራ ታይቷል። እ.ኤ.አ. በ2024 ይፋ የሆነው የጉግል ዊሎ ቺፕ 105 ኪዩቢት አለው። በአንጻሩ እ.ኤ.አ. በ2025 የቀረበ ጥናት ከላይ የተጠቀሰውን ባለ 617 አሃዝ ቁልፍ ለመፍታት ከአንድ ሚሊዮን በታች ኪዩቢት ሊበቃ እንደሚችል ገምቷል። ከስድስት ዓመት በፊት ተመሳሳይ ግምት 20 ሚሊዮን ነበር። ርቀቱ ገና ሰፊ ቢሆንም እየጠበበ መምጣቱን ከዚህ መረዳት ይቻላል።

ለመረጃ ደኅንነት ያለው ትርጉም

የጉዳዩ አሳሳቢነት የሚመነጨው ከመረጃ ዕድሜ ነው። ዛሬ ተመስጥሮ የሚተላለፍ መረጃ ተጠልፎ ከተቀመጠ፣ አቅሙ ያለው ማሽን በሚሠራበት ጊዜ ሊፈታ ይችላል። የአንድ ቀን ወሬ በዚያን ጊዜ ዋጋ አይኖረውም። የሕክምና ማኅደር፣ የቤተሰብ ምዝገባና የጣት አሻራ ግን ለረጅም ዓመታት የባለቤታቸው መለያ ሆነው ይቆያሉ። ለምሳሌ በአገራችን ለፋይዳ ዲጂታል መታወቂያ ሲመዘገቡ የጣት አሻራ፣ የዓይን አይሪስና የፊት ምስል ይሰጣሉ። የይለፍ ቃል ቢሰረቅ ይቀየራል፤ የጣት አሻራ ግን አይቀየርም። በዚህ ምክንያት ረጅም ዕድሜ ያላቸው መዛግብት በየትኛውም አገር ቅድሚያ ጥበቃ የሚያሻቸው ናቸው።

መፍትሔው የኳንተም ኮምፒውተር እስኪሠራ የሚጠበቅ አይደለም። የአሜሪካ ብሔራዊ የደረጃዎችና ቴክኖሎጂ ተቋም ለዓመታት ከዘለቀ ግልጽ ዓለም አቀፍ ውድድርና ፍተሻ በኋላ፣ ነሐሴ 7 ቀን 2016 ዓ.ም. የኳንተም ጥቃትን እንዲቋቋሙ የተዘጋጁ ሦስት አዳዲስ የምስጠራ ደረጃዎችን አጽድቋል። አንዱ ለምስጢር ቁልፍ ልውውጥ፣ ሁለቱ ለዲጂታል ፊርማ የሚያገለግሉ ሲሆን፣ አሁን ባሉት ስልኮችና ኮምፒውተሮች ላይ ይሠራሉ። የእንግሊዝ ብሔራዊ የሳይበር ደኅንነት ማዕከል ተቋማት ወደ አዲሱ ምስጠራ የሚያደርጉትን ሽግግር እስከ እ.ኤ.አ. 2035 እንዲያጠናቅቁ መክሯል።

ተገልጋዮች ሊያውቋቸው የሚገቡ ነጥቦች

• የምስጠራ ሽግግሩን የሚያከናውኑት አገልግሎት ሰጪ ተቋማትና የሶፍትዌር አምራቾች ናቸው። ከተገልጋዩ የሚጠበቀው የስልኩንና የመተግበሪያዎቹን ሶፍትዌር ከትክክለኛው ምንጭ በወቅቱ ማዘመን ነው።

• "ከኳንተም ጥቃት እንጠብቅዎታለን" በማለት የይለፍ ቃል፣ የምስጢር ቁጥር ወይም ክፍያ የሚጠይቅ ማንኛውም መልእክት በጥርጣሬ መታየት አለበት።

• የኳንተም ኮምፒውተር የእጅ ስልክን ወይም የቢሮ ኮምፒውተርን የሚተካ ዕቃ አይደለም። ይበልጥ ጠቃሚ ይሆናል ተብሎ የሚጠበቀው እንደ መድኃኒትና ማዳበሪያ ቅመማ ባሉ የኬሚስትሪ ጥናቶችና በተወሰኑ ከባድ ስሌቶች ላይ ነው።

• በአዋጅ ቁጥር 1321/2016 መሠረት የግል ዳታ ባለቤት ስለ ራሱ የተያዘውን መረጃ የማወቅና ስሕተት ካለበት እንዲታረም የመጠየቅ መብት አለው። ይህ መብት በየትኛውም የምስጠራ ዘዴ ለተጠበቀ መረጃ እኩል ይሠራል።

• ለማንኛውም አገልግሎት ሲመዘገቡ ከሚያስፈልገው በላይ የግል መረጃ አለመስጠት ቀላልና አስተማማኝ ጥንቃቄ ነው። ያልተሰበሰበ መረጃ ዛሬም ሆነ ወደፊት ሊሰረቅ አይችልም።