ከአፈርሳታ እስከ ዓመታዊ ሪፖርት፦ የሰፈራችን ወንጀል እንዴት ሲቆጠር ኖረ?



በየዓመቱ ሰኔ ሊያልቅ ሲል፣ እኔ ሱቅ ያለኝ የድንበር ከተማ ፖሊስ ነዋሪውን አዳራሽ ይጠራል። ውኃና ለስላሳ ይቀርባል፤ ሽማግሌዎች ከፊት ይቀመጣሉ። ኃላፊው የበጀት ዓመቱን የሥራ አፈጻጸም ያነባሉ፦ ከባድ ወንጀል ይህን ያህል፣ መካከለኛ ይህን ያህል፣ ቀላል ይህን ያህል፣ ለዐቃቤ ሕግ የተላከ መዝገብ ይህን ያህል። መጨረሻ ላይ «ካለፈው ዓመት ተመሳሳይ ወቅት ጋር ሲነጻጸር ቀንሷል» ይባላል፤ ይጨበጨባል፤ ወደ ሱቃችን እንመለሳለን።

ከጥቂት ዓመታት በፊት በዚህ ስብሰባ ላይ አጠገቤ የተቀመጠች እህል ነጋዴ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ «የማንን ከተማ ነው የሚያነቡት?» አለችኝ። ሁለታችንም አፋችንን ሸፍነን ሳቅን። በዚያ ዓመት ከመናኸሪያው እስከ ገበያው ባለው መንገድ ላይ ከዕቁባችን ሴቶች ስድስት ተዘርፈዋል። አንዷ እኔ ነበርኩ። ከስድስታችን ጣቢያ ሄዳ ያመለከተችው ግን አንዷ ብቻ ናት። ስለዚህ ሪፖርቱ አልዋሸም፤ አንድ ሰማ፣ አንድ ቆጠረ። አምስቱን የደበቅነው እኛው ነን።

ይህ ነገር ሲከነክነኝ ቆይቶ፣ የሰፈር ወንጀል በእኛ አገርና በጎረቤት አገሮች እንዴት ሲጠበቅና ሲቆጠር እንደኖረ ማንበብ ጀመርኩ። ያገኘሁትን ላካፍላችሁ።

አገሬው አብሮ ሲጠየቅ

አያቶቻችን ፖሊስ ጣቢያ አልነበራቸውም፤ አፈርሳታ ግን ነበራቸው። አውጫጭኝም ይባላል። ከብት ሲሰረቅ፣ ቤት ሲቃጠል፣ ሰው ሞቶ ገዳዩ ሲጠፋ፣ የአካባቢው ሰው በሙሉ ሜዳ ላይ ይጠራል። የቀረ ይቀጣል። ሽማግሌዎች ይመረጣሉ፤ እያንዳንዱ እየቀረበ በመሐላ ያየውንና የሰማውን ይናገራል። ጉዳዩ እስኪወጣ ድረስ እርሻውም ገበያውም ይቆማል። ሌባው ካልተገኘ ደግሞ የተሰረቀበትን ሰው ንብረት አገሬው አዋጥቶ ይከፍላል።

እኔ በንግድ ትምህርት የተመረቅኩ ሰው ነኝና ይህ የመጨረሻው ነጥብ ዓይኔን ያዘው። ኪሣራው የአንድ ሰው አልነበረም፤ እንደ ዕቁብ ዕጣ በሁሉም ላይ ይደርስ ነበር። የጎረቤቴ በሬ ሲጠፋ የኔም ኪስ ስለሚነካ፣ ዝም ማለት አያዋጣኝም።

ጉድለቱንም መደበቅ አያስፈልግም። ለቀናት ሜዳ ላይ የተያዘ ሰው፣ ወደ ቤቱ ለመሄድ ሲል የማይወደውን ሰው ስም ሊጠራ ይችላል። ሌባ ሻይ የሚባለውማ ከዚህ የባሰ ነበር፦ ለአንድ ልጅ መድኃኒት ያጠጡትና መንደሩን እንዲዞር ያደርጉታል፤ ሄዶ የወደቀበት ቤት ባለቤት ሌባ ተብሎ ይከፍላል። ስንት ንጹሕ ሰው በዚያ መንገድ እንደከሰረ ፈጣሪ ይወቀው።

ቁራኛም ነበረ። ከሳሽና ተከሳሽ፣ አበዳሪና ባለዕዳ፣ ዳኛ ፊት እስኪቀርቡ በአንድ ሰንሰለት ይታሰራሉ ወይም ልብሳቸው ይቋጠራል። ዛሬ «በዓይነ ቁራኛ ይጠበቃል» የምንለው ከዚያ የቀረ ቃል ነው። እስቲ አስቡት፦ የተሰረቅሁት እኔ፣ የታሰርሁትም እኔ! አቤቱታ ማቅረብ ይህን ያህል ዋጋ የሚያስከፍል ከሆነ ብዙ ሰው ጉዳቱን ውጦ ይቀመጣል። አምስታችን ያደረግነው ከዚህ ብዙም የራቀ አልነበረም።

ከአራዳ ዘበኛ እስከ መዝገብ

አዲስ አበባ ስትስፋፋና ገበያዋ አራዳ ላይ ሲደራ፣ በምኒልክ ዘመን አራዳ ዘበኛ የሚባል ጠባቂ ተቋቋመ። ስሙ ራሱ ገበያን ለመጠበቅ እንደተነሣ ይናገራል። ከጣሊያን ወረራ በኋላ፣ በ1934 ዓ.ም.፣ በአዋጅ ቁጥር 6 ዘመናዊ የፖሊስ ሠራዊት በሕግ ተመሠረተ። በ1954 ዓ.ም. ደግሞ የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ ወጣ።

ይህን ሕግ ነጋዴ ሁሉ ቢያውቀው ደስ ይለኛል። ማንም ሰው፣ ወንጀሉ ሲፈጸም በዓይኑ ባያይም እንኳ፣ ማመልከት ይችላል ይላል። የሰጠነው ቃል በጽሑፍ መስፈር፣ ለእኛው መነበብ፣ ቀን ተጽፎበት መፈረም አለበት። «እናየዋለን፣ ሂጂ» ተብሎ በቃል ብቻ መሸኘት የሕጉ አካሄድ አይደለም። ኬንያ የምትመላለሱ ደግሞ «ኦቢ ነምበር» የሚባለውን ታውቁታላችሁ፤ ጣቢያው የዕለት ክስተት መዝገብ ላይ ጉዳያችሁ የሰፈረበት ቁጥር ነው። ያ ቁጥር ከሌላችሁ ጉዳያችሁ ዓመታዊ ሪፖርት ውስጥ የለም።

በደርግ ዘመን የከተማ ቀበሌዎች ሲቋቋሙ የሰፈር ጥበቃ እንደገና በነዋሪው እጅ ገባ። የቀበሌ ፍርድ ሸንጎ መጣ፤ አብዮት ጥበቃ ሌሊቱን ዞረ። ነገር ግን ሌባን የሚጠብቀው ያው ሰው ጎረቤቱን በፖለቲካም ይከታተል ነበር። የዚያን ጊዜ ሰዎች ዛሬም ድረስ «ለቀበሌ አትናገሪ» የሚሉት ያለ ምክንያት አይደለም። ባለፉት ሁለት አሥርት ዓመታት የመጣው የማኅበረሰብ አቀፍ ፖሊስ አገልግሎት ይህን የቆየ ጥርጣሬ ነው የወረሰው።

አሥር ቤት

ጎረቤቶቻችንም ተመሳሳይ መንገድ ሄደዋል። በታንዛኒያ ገዥው ፓርቲ ታኑ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ አሥር አሥር ቤት አንድ ላይ አደራጀ። መሪው «ባሎዚ» ተባለ፤ በስዋሂሊ አምባሳደር ማለት ነው። ኬንያ ይህንኑ «ኙምባ ኩሚ» ብላ በስፋት ያነሣችው እ.ኤ.አ. በ2013 ከናይሮቢው የዌስትጌት የገበያ ማዕከል ጥቃት በኋላ ነው።

ኢስሊ ውስጥ የሚነግዱ ወገኖቻችን ግን ከጥቂት ወራት በኋላ የሆነውን አይረሱም። እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 2014 «ኡሳላማ ዎች» በተባለው ዘመቻ በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ተያዙ፤ ብዙዎቹ ካሳራኒ ስታዲየም ተወስደው ወረቀታቸው ተመረመረ። አብዛኞቹ ሶማሌዎች ነበሩ፤ ኢትዮጵያውያንም አልቀሩም። በወረቀት ላይ ይህን ያህል ሰው መያዝ ትልቅ «የሥራ አፈጻጸም» ሊመስል ይችላል። ነገር ግን የተያዘ ሰው ቁጥርና የተፈጸመ ወንጀል ቁጥር ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ከዚያ በኋላ የተሰረቀ የኢስሊ ነጋዴ ወደ ጣቢያ ለመሄድ እግሩ ቢከብደው ማን ይፈርድበታል?

ቁጥሩ ምን ይናገራል?

ወንጀልን በአገር ደረጃ እየቆጠረች በየዓመቱ በማሳተም ፈረንሳይ ቀደምት ናት፤ የመጀመሪያው መጽሐፍ እ.ኤ.አ. በ1827 ወጣ። ቤልጅየማዊው የስታቲስቲክስ ሊቅ አዶልፍ ኬትሌ እነዚያን ቁጥሮች ሲመረምር ለእኛ ስብሰባም የሚሆን ነገር አስተዋለ። መዝገብ የሚያሳየው የታወቀውን ወንጀል ብቻ ነው፤ የተደበቀው ሌላ ነው። ዓመት ከዓመት ማወዳደር የሚቻለው በታወቀውና በተደበቀው መካከል ያለው ሚዛን ካልተናጋ ብቻ ነው።

በእኛ ቋንቋ ላስቀምጠው። አምና ከስድስት የተዘረፉ ሴቶች ሦስቱ አመለከቱ እንበል፤ ዘንድሮ ከስድስት አንዷ። ዝርፊያው ያው ስድስት ነው፤ ሪፖርቱ ግን ከሦስት ወደ አንድ ወርዷል። የቀነሰው ዝርፊያው ሳይሆን እምነታችን ነው። ተቃራኒውም ይሆናል፦ ሰዎች ፖሊስን ማመን ሲጀምሩ ማመልከቻ ይበዛል፤ ሪፖርቱ «ወንጀል ጨመረ» ይላል፤ ሥራው ግን የተሻለ ሊሆን ይችላል።

አሜሪካኖች እ.ኤ.አ. በ1930 ከትናንሽ ከተሞች ጭምር የፖሊስ ቁጥር በአንድ ዓይነት ደንብ መሰብሰብ ጀመሩ። ለረጅም ዘመን ደንቡ በአንድ ክስተት ብዙ ወንጀል ቢፈጸም ከባዱን ብቻ ቁጠር የሚል ነበር። በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ፣ ቤት ለቤት እየሄዱ «ዘንድሮ ምን ደረሰብዎት? ለፖሊስስ አመለከቱ?» ብለው መጠየቅ ጀመሩ። ከንብረት ወንጀል ለፖሊስ የሚደርሰው ሲሶ ያህሉ ብቻ ሆኖ ተገኘ። ስልክና ኢንሹራንስ ባለበት አገር እንዲህ ከሆነ፣ በኬላና በመናኸሪያ መካከል ለምንሮጠው ለእኛ ምን ይሆን?

ትንሽ ጣቢያ ሌላም ወጥመድ አለበት። አምና አራት ሱቅ ተሰብሮ ዘንድሮ ሁለት ከተሰበረ «በ50 በመቶ ቀነሰ» ይባላል። በሚቀጥለው ዓመት ሁለቱ አራት ቢሆኑ «በ100 በመቶ ጨመረ» ይባላል። አንድ ሌባ ወደ ከተማው መጥቶ ወይም ለቆ ሄዶ ሊሆን ይችላል፤ ከዚያ ያለፈ ነገር የለም። ሱቃችንን በአንድ ቀን ሽያጭ እንደማንገመግመው ሁሉ፣ ጣቢያንም በሁለት ዓመት ንጽጽር መገምገም አይገባም። የአምስት ዓመት ቁጥር ጎን ለጎን ይቀመጥ።

ዝምታችን ያስከፈለው

አሁን ወደ ራሴ ልመለስ። ለምን አላመለከትኩም? እውነቱን ልናገር፦ ከተዘረፍኩት ጨርቅ ግማሹ ዲክላራሲዮን አልነበረውም። «ዕቃው ከየት መጣ?» የሚለውን ጥያቄ ፈራሁ። ጥፋቱ የራሴ ነበር። ሌላዋ ባሏ የያዘችውን ገንዘብ መጠን እንዳያውቅ ፈራች። ሌላዋ መኪና ሊያመልጣት ሆነ። ሁለቱ «ምን ሊያደርጉልን!» ብለው ተዉት።

በቀጣዩ ዓመት መናኸሪያው አካባቢ የነበረው የማታ ቅኝት ወደ ሌላ ሰፈር ተዛወረ። ምክንያቱ ግልጽ ነው፦ በመዝገቡ መሠረት እዚያ ሰላም ነው። ከወራት በኋላ የብዙዎቻችንን ዕቃ የሚሸከመው ጫኝና አውራጅ ልጅ በዚያው መንገድ በጩቤ ተወጋ። እግዚአብሔር ይመስገን ተርፏል፤ ነገር ግን ዛሬም በቀኝ እጁ ከባድ አያነሣም። ሸክም መተዳደሪያው ለሆነ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ አታጡትም። ሆስፒታል ልጠይቀው ስሄድ ስለ እኛ አምስት ዝምታ አልነገርኩትም። ይህንን ጽሑፍ የጻፍኩት በዚያ ምክንያት ነው።

ከዚያ ወዲህ በዕቁባችን አንድ ልማድ አለ። ዕጣ ከመውጣቱ በፊት ጸሐፊያችን «ከባለፈው ወዲህ የተሰረቀ፣ የተዘረፈ፣ የተታለለ አለ?» ብላ ትጠይቃለች፤ ቀኑንና ቦታውን ደብተር ላይ ትጽፋለች። የተጎዳችውን ሁለት ሆነን ጣቢያ እንሸኛታለን። በሰኔው ስብሰባ ደብተሩን ይዘን እንሄዳለን። መጀመሪያ ላይ ኃላፊው ፊታቸው ተቀያየረ፤ ኋላ ግን ራሳቸው ጠይቀው ቦታዎቹን ጻፉ። ቅኝቱም ወደ መናኸሪያው ተመልሷል፤ በየቀኑ ባይሆንም።

እናንተም ሪፖርት ሲነበብላችሁ ሦስት ነገር ጠይቁ። ይህ ቁጥር የተፈጸመ ነው፣ የተመለከተ ነው ወይስ የተያዘ ሰው? ከተመዘገበው ስንቱ ውሳኔ አገኘ? ያለፉት አምስት ዓመታትስ ምን ይመስላሉ? ከዚያ በፊት ግን ራሳችሁን ጠይቁ፦ የእኔ ጉዳይ መዝገቡ ላይ አለ?

አፈርሳታ እንዲመለስ የሚፈልግ የለም። ሆኖም የጎረቤት ኪሣራ የኔም ነው የሚለው ሐሳብ ከእርሱ ጋር መቀበር አልነበረበትም። የተሰረቃችሁ ካላችሁ ንገሩን። መንገዳችሁ የሰላም ይሁን።