ቆፈን የያዘው እጅ

እንግዲህ ስሙኝ ወገኖቼ፣ ጊዜ አለንና ቀስ ብለን እንሂድ። ከደብረ ማርቆስ ተነስተን፣ ደምበጫንና ፍኖተ ሰላምን አልፈን፣ ቡሬንም ከኋላ ትተን ሽቅብ ስንወጣ ነፋሱ እየሰላ ይመጣል፤ ከዚያም የአዊ ምድር ይቀበለንና ኮሶበር የሚሏት እንጅባራ እንገባለን። ከተማዋ ከ2,500 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ነች፤ በየ1,000 ሜትሩ ሙቀቱ 6 ዲግሪ ገደማ ስለሚቀንስም፣ ወደ ቻግኒ የወረደው መንገደኛ ጋቢውን ሲያወልቅ እንጅባራ የቀረው ይደርባል።

በክረምት ዝናቡና ጉሙ ተባብረው ልብስን ያረጥባሉ። ክረምቱ ወጥቶ ኅዳርና ታኅሣሥ ሲመጡ ደግሞ ሰማዩ ይጠራና ምድሩ ሌሊት ሙቀቱን ይለቃል፤ ንጋት ላይም ሣሩ ውርጭ ለብሶ ይታያል። ዳንግላ ከእንጅባራ ዝቅ ብትልም ማለዳዋ ይበርዳል።

በዚያ ማለዳ ቀርከሃ ሰንጣቂው ቢላዋውን ያነሳል፣ ድንች ለቃሚዋ እርጥብ አፈር ውስጥ እጇን ትሰዳለች፣ ከሰል ጫኚውም ጆንያውን ይጨብጣል። ከዚያም ቆፈን ይመጣል። ጣት አልታጠፍ ይላል፣ ቢላዋው ይንሸራተታል፣ ሰውየውም እጁን እፍ እፍ ይልና ብብቱ ውስጥ ይከታል።

ለምን እንዲህ ሆነ? ሰውነት ብርድ ሲጸናበት፣ ዳር ያለውን ክፍል ዘግቶ እሳቱን ለመካከሉ እንደሚያቆይ አባወራ፣ ወደ ጣት የሚሄደውን ደም ይቀንሳል፤ ልብና ሳንባ ይድኑና እጅ ይቀዘቅዛል። የጣት ቆዳ ከ15 ዲግሪ ገደማ ሲወርድ ረቂቅ ሥራ ይከብዳል፣ ወደ 8 ሲጠጋ ደግሞ መዳሰሱም ይደነዝዛል። መዳሰስ ያቃተው እጅ የያዘው እንዳይወድቅበት ከሚገባው በላይ ይጨብጣል፣ ስለዚህም ቶሎ ይዝላል።

አንድ ነገር ልብ በሉልኝ፦ ጣትን አጥፈው የሚያስጨብጡት ትልልቅ ጡንቻዎች ያሉት ክንድ ላይ ነው። እነሱ ሲቀዘቅዙ ጉልበታቸው ይከዳል። እጅጌዋን ሰብስባ በቀዝቃዛ ውኃ ድንች የምታጥብ ሴት መዳፏ ብቻ አይደለም የሚጎዳው፤ ውኃ ሙቀትን ከአየር በብዙ እጥፍ ፈጥኖ ይወስዳልና ክንዷም አብሮ ይደክማል። ጋቢ የደረበ ሰው ደግሞ ገላው ስለሚሞቅ ደሙ ወደ ጣቱ ይመለሳል።

እሳትም አለ። አዊ የዲከረንስ ዛፍ ተክሎ፣ በአፈር ከድኖና አክስሎ ከሰሉን ለሩቅ ከተማ የሚልክ አገር ነው። ነገር ግን የደነዘዘ እጅ ቃጠሎን አያውቅምና ወደ ፍም አይጠጋ፤ ቀስ ብሎ ይሙቅ። በተዘጋ ቤትም ከሰል አይነድ፣ ሽታ የሌለው ጋዙ ተኝተን ሳለ ይገድላል።

እናም ወገኖቼ፣ ማለዳ ሥራው የዘገየበትን ሰው ሰነፍ አንበለው። የቀን ሠራተኛ የቀጠረ ሰው ፀሐይ እስክትወጣ ይታገሥ፣ ውኃ ለሚነካው ሥራ ለብ ያለ ውኃ ያቅርብ፣ ደረቅ ጓንት ይስጥ፣ በየመሐሉም የመሞቂያ ፋታ ይፍቀድ፤ ከፋታው ጊዜም ደመወዝ አይቁረጥ። የሞቀ እጅ ሥራውን ያፈጥናል፣ ራሱንም አይቆርጥም፤ ሠርቶ የሚያበላን እጅ ደግሞ ይህ ይገባዋል።