ከግብር ዕቃ ወደ ቤተ ሙከራ፦ የጃፓን ቡናማ የባሕር አረም እና ፉኮዛንቲን

ፉኮዛንቲን ከዐለት ጋር ተጣብቀው በባሕር ውስጥ ለሚያድጉት ቡናማ አልጌዎች መልካቸውን የሚሰጥ የቀለም ንጥረ ነገር ሲሆን፣ ካሮትን ብርቱካናማ ከሚያደርገው ቤታ ካሮቲን ጋር ካሮቴኖይድ በሚባለው ቤተሰብ ውስጥ ይመደባል። ዛሬ ውፍረት ይቀንሳል እየተባለ በእንክብል መልክ ይሸጣል። ነገር ግን የቡናማ የባሕር አረም የመድኃኒትነት ዝና ከዚህ ቀለም መታወቅ በብዙ መቶ ዓመታት የሚቀድም ከመሆኑም በላይ፣ መሠረቱ ፈጽሞ ሌላ ንጥረ ነገር ነበር።

በጃፓን የባሕር አረም ከጥንት ጀምሮ ከምግብነት አልፎ የመንግሥት ገቢ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ701 የወጣው የታይሆ ሕግ (ከዚህ በኋላ ያሉት ዘመናትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) በዓይነት ከሚገቡት ግብሮች መካከል ቆጥሮታል። ከዓይነቶቹ ሁሉ በንግድ የከበረው፣ ቅጠሉ ረጅምና ወፍራም የሆነው ኮምቡ ግን የሚበቅለው በስተሰሜን፣ ቀድሞ ኤዞ ትባል በነበረችው በዛሬዪቱ ሆካይዶ ቀዝቃዛ ባሕር ውስጥ ነው። ምድሪቱ የአይኑ ሕዝብ አገር ስትሆን፣ በኤዶ ዘመን (1603–1868) የማትሱማኤ መሳፍንት የባሕሩን ዳርቻ በየክፍሉ ለነጋዴዎች በኮንትራት እየሰጡ ስላስተዳደሩት፣ ቀድሞ በራሳቸው ፈቃድ ይነግዱ የነበሩት አይኑዎች ቀስ በቀስ የነጋዴው የጉልበት ሠራተኞች ሆኑ። የኮምቡ ታሪክ በብዙ መጻሕፍት የጣዕምና የጤና ታሪክ ብቻ ሆኖ መቅረቡ ይህን ገጽ ስለሚሸፍን ጉድለት አለበት።

ኮምቡ መጀመሪያ በጃፓን ባሕር ወደብ በቱሩጋ ይራገፍና በየብስና በቢዋ ሐይቅ በኩል ወደ ኪዮቶ ይጓጓዝ ነበር። በ1672 ካዋሙራ ዙይኬን የምዕራቡን የባሕር መስመር ካደራጀ በኋላ ግን መርከቦች የጃፓንን ምዕራባዊ ዳርቻ ይዘው፣ በሺሞኖሴኪ ወሽመጥ አልፈው በቀጥታ ኦሳካ መድረስ ቻሉ። ኪታማኤቡኔ የሚባሉት እነዚህ የሸራ መርከቦች በኪራይ የሰው ዕቃ ከማመላለስ ይልቅ፣ ባለቤቶቻቸው በየወደቡ በራሳቸው ገንዘብ እየገዙና እየሸጡ የሚጓዙ ተንሳፋፊ መደብሮች ነበሩ። ከዚያም መስመሩ ወደ ደቡብ ረዘመ፤ በዕዳ ተይዞ የነበረው የሳትሱማ ግዛት ኮምቡውን ከቶያማ የመድኃኒት ነጋዴዎች እየተቀበለ፣ ከ1609 ጀምሮ በቁጥጥሩ ሥር በነበሩት በርዩኩ ደሴቶች በኩል ወደ ቻይና ያሻግር፣ በምላሹም የቻይና መድኃኒቶችን ያስገባ ነበር። አንድም ኮምቡ የማይበቅልባት ኦኪናዋ ከኮምቡ ጋር የተሳሰረ የምግብ ባህል ሊኖራት የቻለው በዚህ ንግድ ምክንያት ነው።

ቻይናውያን ኮምቡን የፈለጉበት አንዱ ምክንያት እንቅርት ነበር። በ4ኛው ክፍለ ዘመን የኖረው ጌ ሆንግ በወይን የተዘፈዘፈ የባሕር አረም ለዚህ ሕመም ሲያዝ፣ መድኃኒቱ ለምን እንደሚሠራ የሚያውቅ ሰው አልነበረም። ምሥጢሩ መፈታት የጀመረው በሌላ የዓለም ጫፍ ነው፤ ፈረንሳዊው የባሩድ ጨው አምራች በርናር ኩርቷ በ1811 ከተቃጠለ የባሕር አረም አመድ ሐምራዊ ትነት ሲወጣ አየ፤ ንጥረ ነገሩም አዮዲን ተባለ። በ1820 የጄኔቫው ሐኪም ዣን ፍራንሷ ኩዋንዴ እንቅርትን በአዮዲን ማከም ጀመረ። የታይሮይድ ዕጢ ሆርሞኑን ለመሥራት አዮዲን ስለሚያስፈልገው፣ ባሕር በራቃቸው አገሮች የነበረው የአረም ዝና እውነት ሆኖ ተገኘ። ሆኖም ኮምቡ አዮዲን እጅግ የበዛበት በመሆኑ፣ በ1960ዎቹ የሆካይዶ ዳርቻ ነዋሪዎች ላይ ከመጠን በላይ አዮዲን በመብላት የመጣ እንቅርት በሕክምና ጽሑፍ ተመዝግቧል፤ ፈውሱ ራሱ ሕመም ሆነ ማለት ነው።

ፉኮዛንቲንን ለይተው ያወጡት ደግሞ በ1914 ሪቻርድ ቪልሽቴተርና ሃሮልድ ፔጅ ናቸው፤ ቪልሽቴተር በተክል ቀለማት ምርምሩ፣ በተለይም በክሎሮፊል፣ በሚቀጥለው ዓመት የኖቤል ሽልማት ተቀብሏል። ፉኮዛንቲን በሕያው አረም ውስጥ ከፕሮቲን ጋር ተጣምሮ የባሕሩን ሰማያዊና አረንጓዴ ብርሃን ይይዛል፤ ይህ ጥምረት በሙቀት ሲፈርስ ቀለሙ ወደ ቢጫነት ስለሚያደላ፣ ተሸፍኖ የነበረው የክሎሮፊል አረንጓዴ ይወጣል። ዋካሜ የተባለውን ስስ ቡናማ አረም ፈላ ውሃ ውስጥ የሚነክር ማንኛውም ጃፓናዊ ወጥ ቤት፣ ቅጠሉ ወዲያው ሲለመልም ይህን የኬሚስትሪ ለውጥ በዓይኑ ያያል።

የጤና ጥያቄው የመጣው ዘግይቶ ነው። በ1990 የኪዮቶ ተመራማሪዎች ፉኮዛንቲን በቤተ ሙከራ የሰው ካንሰር ሕዋሳትን መባዛት እንደሚገታ አሳተሙ። በ2005 ደግሞ የሆካይዶ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከዋካሜ የተገኘው ፉኮዛንቲን በአይጦች ነጭ ስብ ውስጥ ዩሲፒ 1 የተባለ፣ ኃይልን ከማከማቸት ይልቅ እንደ ሙቀት እንዲወጣ የሚያደርግ ፕሮቲን እንዲፈጠር እንደሚያነሣሣ አሳዩ። የዩኒቨርሲቲው የዓሣ ሀብት ፋኩልቲ የሚገኘው በሃኮዳቴ፣ ማለትም ኪታማኤቡኔዎች ኮምቡ ይጭኑበት በነበረው በዚያው ወደብ ነው። ከአይጥ ወደ ሰው ያለው መንገድ ግን አልተደለደለም፤ በ2008 በታተመ ጥናት ሰዎች በቀን 6 ሚሊ ግራም ፉኮዛንቲን የሚያስገኝ ዋካሜ ለአንድ ሳምንት ቢመገቡም፣ አንጀት ቀለሙን ለውጦ የሚያስገኘው ፉኮዛንቲኖል በደማቸው ውስጥ የተገኘው በሊትር ከ1 ናኖሞል ባነሰ መጠን ብቻ ነበር። ቀለሙ በውሃ ሳይሆን በቅባት የሚሟሟ በመሆኑም፣ ኮምቡን ዘፍዝፎ ቅጠሉን ከሚያስወግደው የጃፓን መረቅ ይህ ነው የሚባል ፉኮዛንቲን አይጠበቅም። ኮምቡን ከአሳማ ሥጋ ጋር በስብ የሚጠብሱት ኦኪናዋውያን በዚህ ረገድ የተሻለ ዕድል ይኖራቸው ይሆናል፤ የዕድሜያቸውን ርዝመት ለአንድ ቀለም መስጠት ግን ከማስረጃው በላይ መዝለል ነው።

ገበያው ግን ማስረጃውን አልጠበቀም፤ ዛሬ ለእንክብል የሚሆነው ፉኮዛንቲን ከዋካሜና ከኮምቡ መሰል አረሞች ብቻ ሳይሆን፣ ፌዮዳክቲለም ከተባለችው በዓይን ከማትታይ የዳያቶም (የደቃቅ አልጌ) ዝርያ ጭምር፣ ከባሕር ርቆ በየብስ ላይ በተተከሉ ብርሃን አስገቢ ቱቦዎች ውስጥ እየለማ ይወጣል።